ጎጆ የወጣው ወንድሜ

ወንድሜ የጠፋ ጊዜ ቤታችን ያዘነው ጥቂት ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ተናደድንበት።

የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ አምቦ ላይ የበረታበት ሰሞን ነበር። ታናሼ ማትሪክ ወድቆ እቤት ተቀምጧል፤ ቀበሌ ስሙን ይዞታል። አንድ ማለዳ አልጋው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ይሸሽ ይታፈስ የሚነግረን ጠፋ። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደጅ ደጁን ስታይ ዋለች። ገበያው ዳር ልብስ ሰፊ የነበረው አባቴም የስፌት መኪናውን ሳይነካ ከበረንዳው ላይ ተቀምጦ መንገደኛውን ሁሉ ይመለከት ነበር።

በቅዳሜው ከደጋ ድንች ይዘው የሚወርዱ አንድ ሽማግሌ ወደ አባቴ ጠጋ አሉ። ድሮ ካፖርት ሰፍቶላቸው ያውቃቸዋል፤ አቶ ለማለት ኦቦ ነው የሚላቸው። የቤት ቋንቋቸው ኦሮምኛ ስለሆነ አማርኛ የሚናገሩት ቆጠብ አድርገው ነው።

«ልጁ ጎጆ ወጥቷል። ደህና ነው። አባቴ ይምጣልኝ ብሏል» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ወዲያው የጭነት መኪናው ጡሩምባ ሲነፋ ጥለውት ሄዱ።

ጎጆ ወጣ ማለት ለእኛ ያው አንድ ነገር ነው፤ አግብቶ የራሱን ቤት ያዘ ማለት ነው። ያገባ ሰው አይታፈስም የሚል ወሬም ነበር፤ እውነት ይሁን ውሸት እንጃ፤ ልጅ ሁሉ ሚስት ፍለጋ ይሮጥ ነበር። አክስቴ ነገሩን እንደሰማች፣ «የጨነቀው እርጉዝ ያገባል» ብላ ፈረደች።

አባቴ ግን ሊሞት ደረሰ። «ሽማግሌ ሳልልክ አግብቶ እኔ ልሂድለት? የአገሩን ሙሽራ ሱፍ ስሰፋ ኖሬ የገዛ ልጄ ተደብቆ ያግባ? መጥቶ እግሬ ላይ ይውደቅ» አለ። ወጥቶ የስፌት መኪናውን ፔዳል በንዴት ይረግጥ ገባ።

ሙሽሪትን የማግኘቱን ምርመራ አክስቴ ያዘችው። ዘዴዋ ወንፊት መዋስ ነበር። ሴት ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ ትገባለች፤ ወንፊት ትለምናለች፤ ልጅቱ አለች የለችም ብላ ጓዳውን ታያለች። ቤታችን ወንፊት በወንፊት ሆነ። በመጨረሻ የአንድ ጠጅ ቤት ባለቤት ልጅ ሰሞኑን ቤተ ክርስቲያን አልታየችም ብላ ጠረጠረች። ሁለታችን ሄድን። ልጅቱ ጆሮ ደግፍ ይዟት ፊቷ አብጦ ተኝታለች። አክስቴ «እግዜር ይማርሽ» አለቻትና ወንፊት ለመነቻት።

«ጋቢውንና ወፍራሙን ሹራብ ይዞ ነው የሄደው። ሙሽራ ሹራብ ምን ያደርግለታል?» ብዬ ጠየቅኋት መንገድ ላይ።

«ድሃ ቤት ገብቶ ነዋ» አለች። አለቀ።

እናቴ ቀስ በቀስ ሳቋ ተመለሰ። ልጇ ከአፈሳ ተርፏል፤ ሚስትም አለችው፤ ሌላው በእርቅ ያልቃል። ለጎጆ መውጫው አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ገዝታ አልጋዋ ስር አስቀመጠች። አባቴ ሲያየው ፊቱን አዞረ፤ መልሺው ግን አላላትም። ያን ሰሞን እንዲያውም ደስ ብሎን ነበር። ዛሬ ሳስበው ከሁሉም የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ዝናብ ድንቹን ከማሳ አላስወጣ ብሎ ኖሮ ሽማግሌው ድጋሚ የታዩት ከሳምንታት በኋላ፣ በሌላ ቅዳሜ ነው። የአባቴን ምሳ አድርሼ እዚያው ነበርኩ።

«ምነው ቀራችሁ? ልጁን ብርድ ጨረሰው። ብርድ ልብስ እንኳን አትልኩም?» አሉት።

«ሚስቱ ታልብሰዋ» አለ አባቴ፣ ከሚሰፋው ቀና ሳይል።

ሽማግሌው እኔን አዩኝ፣ እሱን አዩት። «ኒቲ ከም?» አሉ። የቷ ሚስት?

እኛ ያንን የደጋ አገር ጀልዱ ነው የምንለው። የዚያ አገር ሰው ግን ከተማዋን በስሟ ጎጆ ይላታል። ወንድሜ ጎጆ ወጣ የተባለው እውነትም ዳገቱን ወጥቶ ነው። ሽማግሌው ቤት ተደብቆ፣ አባቱ መጥቶ ሸነን ከተማ ያለው አጎታችን ጋ እንዲያሻግረው ይጠብቅ ነበር።

በነጋታው ብርድ ልብሱን ይዘን ከሽማግሌው ጋር ድንች ጭኖ በወረደው መኪና ተሳፈርን። መንገዱ አጥንት ይሰብራል። አባቴ ጭነቱ ላይ እንደተቀመጠ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ።

የሽማግሌው ሚስት ደጃፍ ላይ ቆማ አገኘናት። ወንድሜ በየገበያው ቀን መኪና ማቆሚያው ድረስ እየወረደ፣ ከአምቦ የመጣ መኪና በቆመ ቁጥር አባቱን ይፈልግ ነበር። ትናንትም፣ ባሏ እኛ ዘንድ በነበሩበት በዚያው ቅዳሜ፣ እንደ ልማዱ ወረደ። አፋሾቹ እዚያው ቆመው ጠበቁት።

«ፉደተን» አለች። ወሰዱት ማለት ነው። አባቴ ይሄንን ቃል አልሳተውም።

ጋቢውን አጣጥፋ ሰጠችን። አባቴ ተቀብሎ እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። ሲያለቅስ ያየሁት የመጀመሪያዬ ነው።

ጦርነቱ ያለቀ ጊዜ የተበተነው ወታደር በአምቦ መንገድ በእግሩ ሲያልፍ፣ እናቴ ውሃ ይዛ መንገድ ዳር ቆማ ፊት ፊታቸውን ስታይ ከረመች። ወንድሜ አልመጣም። መርዶም አልመጣም። አባቴ የሙሽራ ሱፍ መስፋት ከተወ ቆይቷል፤ ለምን ብለው ሲጠይቁት ዓይኔ ደክሟል ይላል።

እኔ ያገባሁት ከዚያ በኋላ ነው። ጎጆ ስወጣ እናቴ መሶቧን፣ ድስቶቿን፣ የራሷን ፍራሽ ሳይቀር ሰጠችኝ። አልጋዋ ስር ጎንበስ ብዬ ያንን ከደጋ መልሰን ያመጣነውን ብርድ ልብስ ስጎትት ግን እጄን ያዘችኝ።

«እሱን ተዪው የኔ ልጅ» አለችኝ። «ጎጆ ብርድ ነው።»