አድማሴ፣ የፊልሙ አዳኝ

የፍላቂት ከተማው አድማሴ በዕድሜው ከበግ የከበደ እንስሳ በገመድ አስሮ አያውቅም። እንዲያም ሆኖ በገበያ ቀን ከየአምባው የሚወርደው ሰው ሁሉ የሚያውቀው በአዳኝነቱ ነው። ነገሩ የመጣው ፊልም ከሚያሳይበት ቪዲዮ ቤቱ ነው። ላሊበላ ሆቴል ሲሠራ አንድ የድሮ ፊልም በፍላሽ ገልብጦ አመጣ፤ ፈረንጆች በክፍት መኪና ቀጭኔና አውራሪስ እያባረሩ በገመድ የሚይዙበት፣ በየመሀሉም እነሱው እየተንከባለሉ ሰው የሚያስቁበት ፊልም ነው። ቋንቋው ለተመልካቹ ስለማይገባ አድማሴ ማይክ ይዞ ከጎን ቆሞ ያስረዳል። ለእሱም ቢሆን ግማሹ አይገባውም፤ ያልገባውን ከራሱ ይሞላል።

መሙላት ደግሞ ልማድ ይሆናል። አንድ የገበያ ቀን ቤቱ ጢም ብሎ ሲሞላ ጊዜ፣ ሑመራ ሰሊጥ አጨዳ በሄደበት ዓመት ጅብ በገመድ ጠልፎ መያዙን አወራ። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ በዚያ ዓመት ወባ ይዞት ሲንቀጠቀጥ ነው የከረመው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ አድማሴማ በተወለደበት አገር፣ ያውም እናቱ በሚኖሩበት መንደር ነው ያስነጠፈው።

እናቱ እማሆይ አመተ ጊዮርጊስ ከከተማው ዳር ባለችው የድንጋይ ቤታቸው ብቻቸውን ይኖራሉ። ታቹ የበጎች ነው፤ እሳቸው የሚያድሩት ደርቡ ላይ ነው፤ የሚወጣውም በውስጥ መሰላል ነው።

በኅዳር ወር፣ አንድ እሑድ ማለዳ፣ የአድማሴ ስልክ ጮኸ። የደወለው የእናቱ ጎረቤት ወንዴ ነው፤ ከደስታው ብዛት ትንፋሹ ይቆራረጣል። ውሾች ያባረሩት ጅብ ገና ሲነጋጋ መንደር ገብቶ፣ እረኛው በጎቹን ሲያወጣ ክፍት በተወው በር እማሆይ ቤት ዘው ማለቱን ነገረው። ወንዴም በሩን ከውጭ ቀርቅሮበታል። ሰዉም ገመድ ይዞ አድማሴን እየጠበቀ ነው።

«እማዬስ?» አለ አድማሴ።

«እማሆይማ ቅዳሴ ናቸው፤ ቤቱ ባዶ ነው። ላንተ ብዬ ነው የዘጋሁበት፤ አንተ ባትኖርማ ለቅቄው ነበር።»

እማሆይ ጉልበታቸውን ካመማቸው ሰንብቷል፤ ትናንት ማታ አድማሴ ራሱ ቅባት አሽቷቸው፣ ቅዳሴውን እንዳይሞክሩት ለምኗቸው ነው የተለየው። ያሉት ደርቡ ላይ ነው።

ይህን ለወንዴ ሊነግረው አፉን ሲከፍት ስልኩ ተዘግቷል። እየሮጠ ደጋግሞ ደወለ፤ በዚያ ጫጫታ መሀል ማን ሊሰማው! ጅብ መሰላል ይወጣል? ፊልሙን ከዳር እስከ ዳር ቢያስበው መሰላል የወጣ አውሬ ትዝ አላለውም። እናቴን አትርፍልኝ እንጂ በእግሬ መጥቼ ጥላ አስገባለሁ ብሎ ለይምርሐነ ክርስቶስ ተሳለ። በሩን ያስዘጋው ደግሞ የራሱ ወሬ ነው።

ሲደርስ ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። ስልኮች ለቀረጻ ተነሡ። አንዱ ሸምቀቆ የተሠራለት ገመድ እጁ ላይ አኖረለት። ከውስጥ በሩን የሚቧጥጥ ጥፍር ይሰማል። ከዚያ በላይ፣ ከደርቡ፣ ቀጭን ድምፅ ውዳሴ ማርያም ይደግማል።

ወንዴ ድምፁን ሲለየው ፊቱ አመድ መሰለ። ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። ሁሉም ዓይኑን አድማሴ ላይ ተከለ።

«ሑመራ ጅብ አልያዝኩም» አለ አድማሴ። «የትም አልያዝኩም። ከበሩ ራቁለት፣ ይውጣ።»

የሚያምነው ጠፋ። ከፊሉ ዘዴ መሰለው፤ ከፊሉ እንደ ቪዲዮ ቤቱ ቀልድ ቆጥሮት ሳቀ። አድማሴ ገመዱን መሬት ላይ ጣለ። እውነቱን መሆኑን ያወቁት ያን ጊዜ ነው፤ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀመሩ። መቀርቀሪያውን ስበህ ክፈት ቢሉት እሺ የሚል ሌላ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ራሱ ሳበው።

አውሬው ጭኑን ታክኮ ወጣ። ግማቱ ፊቱን መታው። ከዚያ ወደ ገደሉ ወርዶ ተሰወረ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ አዋቂ ሆነ፤ አንዱ እንዲህ ቢጠለፍ ይላል፣ ሌላው እንዲያ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለዚህ ነው።

አድማሴ ግን ፊቱን ወደ ሰዉ ማዞር አልቻለም። ሱሪው ርሶ ሞቀው፤ ወዲያው ቀዘቀዘው። ከኋላው ያ ሁሉ ስልክ ተደግኗል። ከዚህስ አውሬው በበላኝ ብሎ ተመኘ።

እማሆይ ጉልበታቸውን ይዘው በመሰላሉ ወረዱ። የልጃቸውን ፊት አዩ፣ ከዚያም ዝቅ ብለው አዩ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው በወገቡ ዙሪያ አስታጠቁት።

«ልጄን በርዶታል» አሉ ለሰዉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «እናንተም ወደየቤታችሁ ግቡ።»

በክንዱ ይዘው ወደ ውስጥ አስገቡትና በሩን ዘጉ። ጨለማው ውስጥ አድማሴ ተንሰቀሰቀ። እማሆይ ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ።

«ዝም በል በቃ። እኔም ከላይ ሆኜ እንዳንተው ነው የሆንኩት።»