ኮንዶሚኒየም የሚለው ቃል ከየት መጣ

የዚህ ነገር ሰዎች እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሴት ልጃችንና እትዬ ነን። እኔ ትምህርቴን ከአምስተኛ ክፍል አቋርጬ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ራሴን ያስተማርኩ ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ ብዙ አትናገርም። ልጃችን ያኔ ተማሪ ነበረች። እትዬ ደግሞ ጌጃ ሰፈር በአንድ ግድግዳ የምንዋሰናቸው፣ ልጃችንን አዝለው ያሳደጉ የወሎ ሙስሊም ሴት ናቸው። ሲያማቸው ግድግዳውን ያንኳኩልን ነበር።

ሰፈሩ ሊፈርስ ሆነ። ምርጫው ቅድመ ክፍያ ከፍሎ ኮንዶሚኒየም መግዛት፣ ወይም ምትክ የቀበሌ ቤት መውሰድ ነበር። ትርጉሙን የማላውቀው ቃል አፌ ላይ አያድርም፤ ልጄን መዝገበ ቃላቱን አስገለጥኳት።

«ከላቲን ነው» አለች። «ኮን አብሮ ማለት ነው። ዶሚኒየም ጌትነት፣ ባለቤትነት።»

እትዬ ደጃፉ ላይ ምስር ይለቅሙ ነበር። «አንተ መምህር፣ ለዚህ ላቲን ምን አስፈለገ? እኔና ሚስትህ ያንዲት ማድቤት ጌቶች ሆነን አልኖርንም?»

ባለቤቴ ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የቀበሌ ቤት ጎን ለጎን እንዲሰጡን እንጠይቅ» አለችኝ። እትዬ ቅድመ ክፍያውን እንደማይችሉት እናውቃለን።

«ለልጅ የሚተርፍ ቤት ይሻላል» አልኩ።

«ልክ ነው፤ ለልጄ ቤት ይኑራት» አሉ እትዬ፣ ከምስሩ ቀና ሳይሉ።

እኛ ልደታ አራተኛ ፎቅ ገባን። እሳቸው ከከተማው ዳር አንዲት ክፍል ተሰጣቸው።

የእኛን እርድ ስለማይበሉ፣ ባለቤቴ በየፋሲካው አንድ ዶሮ ከነሕይወቱ ታስቀርላቸው ነበር። የእህታቸው ልጅ ያርድላቸውና ሁለቱ ድስት በዚያችው ማድቤት ጎን ለጎን ይጣዳል። ከተለያየን በኋላ በመጀመሪያው ፋሲካ ዋዜማ ዶሮውን በዘንቢል ይዛ ሄደች።

ስትመለስ ዶሮው ዘንቢሉ ውስጥ ነበር።

«ሐሙስ ቀብረዋቸዋል» አለች።

በእነሱ ደንብ አስከሬን አያድርም። የእህታቸው ልጅ ወሎ ተመልሷል፤ አዲሶቹ ጎረቤቶች ደግሞ ለማን እንደሚነገር አያውቁም። ዶሮውን ለማረድ ማንም እጁን አላነሣም፤ በረንዳው ላይ ታስሮ ሲጮህ ከረመ።

«አባዬ፣ አብሮ ማለት ነው ብለን ነበር እኮ» አለች ልጄ።

«ቃሉ አልዋሸም» አልኳት። «ከማን ጋር እንደሆነ ግን አይናገርም።»

ሰው የራሱ ቤት ሊኖረው ይገባል፤ ዛሬም እላለሁ። ዋጋውን ግን መደበቅ ነውር ነው። ባለቤቴ ለፋሲካ ዶሮ መሥራት ትታለች። ልጄ እኔ ባለሁበት መዝገበ ቃላት አትገልጥም። እትዬም የሚያንኳኩት ግድግዳ ሳይኖራቸው ሄዱ።