ጥሩምባ ሲነፋ ወዴት ይኬዳል?

መካነ ሰላም ውስጥ ከአክስቴ ጓሮ ጋር ግድግዳ የሚጋራ የቆርቆሮ መጋዘን ነበር። ውስጡ ከደርግ ዘመን ጀምሮ የተከማቸ የተባይ ማጥፊያ ሞልቶበታል። አገሩ ግን «መድኃኒት ቤቱ» ነው የሚለው። ቋንቋችን ደግ ነው፤ አንበጣ የሚፈጀውንም ሆድ ቁርጠት የሚያሽረውንም እኩል መድኃኒት ብሎ ይጠራል። ስለዚህ ማንም አልፈራውም። አክስቴም ሽታው ሲበረታ «ዛሬ ደግሞ መድኃኒቱ ተነስቶበታል» ብለው መስኮታቸውን ከመዝጋት በቀር ነገሬ አላሉትም።

ኢሕአዴግ በገባ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ ስብሰባ ከዝናብ በበዛበት ዘመን፣ ቀበሌ አዳራሽ ተጠራን። ከደሴ የመጣ ወጣት ባለሙያ ቆመና ያ መድኃኒት መርዝ መሆኑን፣ በርሜሎቹም መዛግ መጀመራቸውን ሳይሸፋፍን ነገረን። ተጭኖ እስኪሄድ ድረስ ሕዝቡ አውቆ መዘጋጀት አለበት አለ። ወደድኩት። ከመድረክ ላይ እንዲህ ያለ እውነት የምንሰማው በስንት ጊዜ አንዴ ነበር።

ግራና ቀኝ ደግፈን ያመጣናቸው አክስቴ እጃቸውን አወጡ።

«በርሜሉ ቢፈስ ምን እንሁን?»

«ይሸሻሉ፣ እማማ። ወደ ነፋሱ መምጫ፣ ወደ ዳገቱ።»

«በምን እግሬ፣ ልጄ?»

ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋቸው በር ለመድረስ እንኳ ምርኩዝና ጸሎት ያስፈልጋቸዋል። ልጆቻቸው ዓረብ አገር ናቸው። እኔ ቀኑን ሙሉ አስተምራለሁ። ቤቴ ዳገቱ ላይ ነውና «እኔ ጋ ይግቡ» ብዬ ብለምናቸው፣ ብለምናቸው፣ ቤታቸውን ትተው አይወጡም። ባለሙያው «በእቅዱ እናካትታለን» አለ። ይህቺ «እናካትታለን» የምትባል ቃል እስከ ዛሬ ደሜን ታፈላዋለች።

ቀጥሎ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ተመረጠ። ሳይረን የለም፤ ቢኖርም መብራት የለም። ከተማው ሁሉ የሚሰማው የቅሬያችንን ጥሩምባ ነው፤ ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። ጥሩምባው ሲነፋ ሁሉም ወደ ዳገቱ ሜዳ እንዲሸሽ ተወሰነ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ እኔም አጨብጭቤያለሁ።

የልምምዱ ቀን ከባለሙያው ጋር ሜዳው ላይ ቆመን ሸሺ ጠበቅን። ጥሩምባው ተነፋ። ማንም አልመጣም። ወደ ታች ብናይ ከተማው እንዳለ ወደ መጋዘኑ ይጎርፋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ወንዶቹ የድንኳን ቋሚ ተሸክመዋል፣ ቃሬዛም ይዘዋል። ለካ ነፊው ልማድ ሆኖበት «መድኃኒት ቤቱ አጠገብ!» ብሎ ቦታውንም ለፍፎ ኖሯል። እዚያ አጠገብ ደግሞ ታማ የከረመች ሰው ማን ናት? አክስቴ።

ልምምድ መሆኑን እያወቅሁ ቁልቁል ሮጥኩ።

ሟቿ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጎመን ይቀነጥባሉ። ደረቷን እየመታች የገባችው ጎረቤታቸው ልቅሶዋን አጋምሳ ቆማ ቀረች።

«አብሽሩ፣ አለሁ» አሉ አክስቴ። «ከመጣችሁ አይቀር ግን ሽሹ ተብሏልና እኔንም አሽሹኝ።»

«በቃሬዛ? ሰው በቁሙ? ሟርት ነው» አለ አንዱ።

«ሟርቱን ለእኔ ተወው።»

እስላሙም ክርስቲያኑም ተጋግዞ አነሳቸው። ዳገቱን ሲወጡ ተሸካሚዎቹ እየተቀያየሩ፣ አክስቴም ከላይ ሆነው «ቀስ፣ ድንጋይ አለ» እያሉ ሜዳው ደረስን። ባለሙያው ፊቱ ቲማቲም መስሏል። «መርዙ እውነት ፈስሶ ቢሆን ሁላችሁም አልቃችሁ ነበር» አለ። እውነቱን ነው፤ ማንም አልተከራከረውም። ከእንግዲህ ጥሩምባው ለሞት ብቻ፣ ለመርዝ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ደወል እንዲሆን ተስማሙ።

ልምምዱ አልቆ ሰው መበተን ሲጀምር አክስቴ «በሉ እንግዲህ ወደ ቤቴ መልሱኝ» አሉ።

ተሸካሚዎቹ ተያዩ። የቅሬው ዳኛ፣ የተከበሩ ሽማግሌ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እሱስ አይሆንም። በቃሬዛ የወጣ ሰው ወደ ቤቱ ተመልሶ ያውቃል? ደንቡን እናፍርስ?»

አክስቴ ሽማግሌውን አዩ፣ እኔንና ከኋላዬ ያለውን ቤቴን አዩ፣ ቁልቁል መጋዘኑን አዩ። እኔ እንባዬ መጥቶ ፊቴን አዞርኩ።

«ይሁን» አሉ በመጨረሻ። «አልጋዬን ግን ማን ያመጣዋል?»