ከዝግባው የቆረጥኩት እንጨት

ከቡታጅራ በላይ፣ ተራራው ሥር ወዳለው ሸለቆ እንድንገባ የታዘዝነው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ጣሊያን ከተማውን ይዟል። እኛ ሠላሳ ሰው ነን፤ አምስት ቁስለኞች አሉን። ቁስለኞቹ እስኪጠነክሩ እዚያ መደበቅ ነበር ግዳጃችን።

እኔ የመንዝ ሰው ነኝ፤ እንዲያ ያለ ዛፍ አይቼ አላውቅም። ወንዙ ዳር ካሉት ዝግባዎች አንዱን አምስት ሆነን እጅ ለእጅ ተያይዘን ልናቅፈው ሞከርን፤ አልደረስንም። ላይ ነፋሱ ሲያጓራ ታች ቅጠል አይነቃነቅም። ዝናቡ ካባራ በኋላም ከላይ ሲንጠባጠብ ይቆያል። አውሮፕላን ሲያልፍ እንሰማዋለን እንጂ አያየንም። ጥበቃ ላይ ሆኜ ዛፎቹን አንጋጥጬ ሳይ አንገቴ ይደነዝዝ ነበር። ጉድ እኮ ነው!

ቆጮ የሚያመጡልን አባ ሽኩር የሚባሉ የመስቃን ገበሬ ነበሩ። ገና ስንገባ፣ «ዝግባውን አደራ አትንኩ፤ ሽማግሌ ለዳኝነት የሚቀመጠው ከሥሩ ነው» ብለውናል። እኔ ደግሞ ዛፍ ያው ዛፍ ነው አልኩ በሆዴ።

በሦስተኛው ሳምንት ከቁስለኞቹ አንዱ፣ ጓደኛዬ በቀለ፣ እግሩ መሽተት ጀመረ። ወጌሻ ዘንድ ለማድረስ ቃሬዛ ያስፈልጋል። ከዝግባው ዝቅ ያሉ ሁለት ቅርንጫፎች ቆረጥኩና ወንዙ ዳር ጠረብኳቸው። ስንጣሪው ውኃ ውስጥ ገባ። ልብ አላልኩትም።

በማግስቱ ማለዳ አባ ሽኩር እያለከለኩ መጡ። ሰላምታም የለ።

«ማነው ዝግባ የቆረጠ?»

«እኔ ነኝ፣ አባ ሽኩር።»

«ስንጣሪው ባንዳዎቹ በቅሎ የሚያጠጡበት መልካ ደርሷል! ያገሬው ሰው ዝግባ እንደማይነካ ሕፃን እንኳ ያውቃል። እንግዳ ገብቷል ብለው እየመጡ ነው።»

ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። አዛዣችን አልሰደበኝም። «ቁስለኞቹ ተራራው ላይ እስኪወጡ ከዚህ ንቅንቅ የለም» አለ። አባ ሽኩር ቁስለኞቹንና ተሸካሚዎቹን እየመሩ አቀበቱን ተያያዙት።

ሦስት ሰዓት ላይ ባንዳዎቹ ደረሱ። ከኋላቸው መትረየስ ነበር። ግንዶቹን ተገን አድርገን ተኮስን። ጥይቱ ቅርፊት ይልጣል እንጂ አያልፍም። ሁለት ጊዜ መጡ፤ ሁለት ጊዜ መለስናቸው። ጥይት ሲያልቅብን ከወደቁት ጓዶቻችን ዝናር ወሰድን። ስድስት ሰዓት አለፈ። አልለቀቅንም።

ከዚያ የአባ ሽኩርን ድምፅ ከበላያችን ሰማን። «ወጥተዋል! ሁሉም ወጥተዋል፤ ልቀቁ!» ይህን ሊነግሩን ነው የተመለሱት። መትረየሱ እዚያው ጣላቸው።

አምስቱም ቁስለኞች ተረፉ፤ በቀለ እግሩን ቢያጣም። ከእኛ ስድስት ሰው ሞተ። አባ ሽኩር ሰባተኛ ናቸው።

ዛሬ ጀግና ስትሉኝ የሚያናድደኝ ለዚህ ነው፣ ልጆቼ። አባ ሽኩር በሞቱ በሳምንቱ ባለቤታቸው ዘንድ ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ቆሜ፣ «እናቴ፣ ዝግባውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ወደ ደጃፉ ቀረቡ። «ለምንህ ቆረጥከው?»

«ለቁስለኛ።»

«እሱም የሞተው ለቁስለኛ ነው» አሉ። «ግባ፤ ደጅ አትቁም።»

ገባሁ። ያቀረቡልኝን በላሁ። ቀና ብዬ ፊታቸውን ለማየት ግን አልቻልኩም።