ሮኬቱና የገብስ ክምሩ

በላቦራቶሪ ቴክኒሻንነት የተቀጠርኩ ዕለት ርዕሰ መምህሩ አንድ ቁልፍ ሰጡኝና "ላቦራቶሪው ያውልሽ" አሉኝ። ከፍቼ ስገባ የተሰባበሩ ወንበሮች፣ ሁለት ማይክሮስኮፕና እንቁላል የታቀፈች ዶሮ አገኘሁ። ዶሮዋ የጥበቃው የጋሽ ሽፈራው ነበረች። እስክትፈለፍል ድረስ ሥራ አልጀመርኩም።

ትምህርት ቤቱ ከሞላሌ ብዙ አይርቅም። እኔ የመርሐቤቴ ልጅ ነኝ፤ የመንዝ ብርድ የመጀመሪያውን ዓመት አስለቅሶኛል። በአካባቢው ዘመዴ የምለው ሰው አልነበረኝም።

በስድስተኛው ዓመት አንድ የእርዳታ ካርቶን ደረሰን። ከሙከራ ቱቦዎቹ ሥር የሚገጣጠም ሮኬት ነበረበት። የእውነተኛ ሮኬት አምሳያ ነው፤ መቶ ጊዜ አሳንሰው የሠሩት፣ ቢቆም እስከ ጉልበቴ የሚደርስ። የካርቶን ቱቦ፣ ለክንፍ የሚሆን ስስ እንጨት፣ የፕላስቲክ ሹል አናት፣ ብርቱካንማ ጃንጥላና ባሩድ የታጨቀባቸው ሁለት ሞተሮች አሉት። አንድ እጥፍ ለስላሳ ወረቀትም ነበረው። ርዕሰ መምህሩ ያን ሰሞን ጉንፋን ይዟቸው ነበርና "ይቺ ሶፍት እንኳ ለኔ ትሁን" ብለው ኪሳቸው ከተቷት። እኔም የቀረውን ዕቃ ይዤ ወደ ላቦራቶሪው ሄድኩ።

የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ወሬውን ሲሰማ ሱፐርቫይዘር መጥተው እንደሚያዩት በደብዳቤ አሳወቀ። ቀኑ ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ሐሙስ ሆነ።

ከሥራ ሰዓት በኋላ እየቆየሁ ገጠምኩት። ክንፎቹን ቆርጬ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ። ክንፍ ከተጣመመ ሮኬቱም ይጣመማል፤ ስለዚህ ቱቦውን የበሩ መቃን ማዕዘን ውስጥ አስጠግቼ ቀጥ ያለ መስመር በእርሳስ አሰመርኩበት። የእንጨት ኮላው በብርዱ አልደርቅ አለኝ። አንድ ክንፍ አጣብቄ ፀሐይ ላይ አውላለሁ፣ በማግስቱ ሌላውን። አራቱ ክንፎች አራት ቀን ፈጁ።

አብሮት የመጣውን መመሪያ እስከ መጨረሻው ገጽ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። ሞተሩ ነድዶ ሲያበቃ ወደ ቱቦው ውስጥ እሳት ይተፋል፤ ግፊቱ ጃንጥላውን ያስወጣዋል። ያ ለስላሳ ወረቀት እሳት እንዳይበላው የተዘጋጀ ነው፤ በሞተሩና በጃንጥላው መካከል ይገባል። ሌላ ወረቀት ከገባ እየነደደ መሬት ይወድቃል ይላል መመሪያው። ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሮጥኩ።

"ከሶፍቱ የቀረ አለ?"

ኪሳቸውን ገለበጡት። ባዶ ነው። "አፍንጫዬን ሲልጠኝ የሰነበተው ለካ እሱ ኖሯል!" አሉ።

ጋሽ ሽፈራው በር ላይ ሆነው ይሰሙናል። "ለምን የበግ ጠጉር አታደርጊበትም?" አሉኝ። "በርኖሴ ላይ ስንቴ ፍም ወድቆበታል። ይገማል እንጂ አይነድም።"

ሞከርነው። ጥጥ ላይ ክብሪት ስንጭር ቦግ አለ። የጋሽ ሽፈራው በግ ጠጉር ግን ተኮማተረ፣ ከሰለ፣ ክብሪቱን ስናርቀው ጠፋ። ጠጉሩን አጥቤ አደረቅሁና ላላ አድርጌ ወተፍኩት።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አቶ ገብረ ጻድቅ መጡ። የእርሻ መሬታቸው ከትምህርት ቤቱ ሜዳ ጋር ይዋሰናል። ገብሳቸው ታጭዶ አውድማው ዳር ተከምሯል፤ ገና አልተወቃም።

"አንቺ ልጅ፣ ነገ እሳት ልትተኩሺ ነው አሉ።"

"ወደ ላይ ነው የሚሄደው፣ አባባ።"

"መውረጃውስ? ያ የምታይው ክምር የቤተሰቤ የዓመት ቀለብ ነው። ዋስ ጥሪ።"

ዋስ የሚሆነው የአገሩ ሰው ነው፤ ክምሩ ቢቃጠል በኔ ፈንታ የሚጠየቅ። አጠገቤ የቆሙትን ርዕሰ መምህር ቀና ብዬ ባያቸው ጉንፋኑ ተነሣባቸውና ቢሮ ገቡ። አንገቴን ደፋሁ።

"እኔ ዋስ ነኝ" አሉ ጋሽ ሽፈራው። "የርስዎ ክምር ቢነድ የኔን ወቅተው ያስገቡ።"

"ተዉ እንጂ፣ ጋሽ ሽፈራው! ስድስት ልጅ ይዘው?" አልኳቸው።

"ጠጉሩን አድርጊበት ያልኩሽ እኔ አይደለሁም?"

ሁለቱ ተጨባበጡ። የራሴ ክምር ቢሆን እንደዚያ አልፈራም ነበር።

የመንዝ ነፋስ ረፋዱ ላይ ይለግማል፤ ቀትር ላይ ይነሣል። ሐሙስ ሱፐርቫይዘሩ የመጡት ቀትር ላይ ነው።

"ነፋስ አለ፤ ለነገ ጠዋት ቢሆንልን?" አልኳቸው።

"መኪናው የተፈቀደልኝ ለዛሬ ብቻ ነው" አሉኝ።

እሺ አልኩ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ እሺ ነው።

አቅጣጫ የሚያስይዘውን የብረት ዘንግ ተክዬ ሮኬቱን አቆምኩበት። ተማሪዎቹን እስከ አጥሩ አራቅኋቸው። የማቀጣጠያውን ሽቦ ከግብርና ጽሕፈት ቤት በተዋስነው የሞተር ሳይክል ባትሪ ላይ አገናኘሁ። ከአምስት ወደ ታች ቆጠርን፤ አልተነሣም። ሽቦውን ፍቄ እንደገና አሰርኩ። ሁለተኛው ላይ ፉጨቱ ጆሮዬን ደፈነው። ሮኬቱ ሽቅብ ተፈተለከ፣ ጭሱ ብቻ ቀረ። ተማሪው ጮኸ። ከዚያ ሰማይ ላይ ጧ አለና ብርቱካንማው ጃንጥላ ተከፈተ።

ነፋሱም ተቀበለው። ወዴት እንደሚወስደው አየን። በቀጥታ ወደ ክምሩ ነበር።

ጫማዬን ጥዬ ሮጥኩ። ጋሽ ሽፈራው ዱላቸውን ጥለው ቀደሙኝ። ሮኬቱ ከክምሩ ጫፍ ላይ አርፎ ተጋደመ። አቶ ገብረ ጻድቅ ከጠዋት ጀምረው እርጥብ ጆንያ ይዘው እዚያው ቆመው ኖሯል። ወጡበትና ይወቅጡት ጀመር። አራት ቀን የፈጁብኝን ክንፎች ሁለቱን ሰበሯቸው።

"ይበቃዋል፣ አባባ! አልነደደም!" አልኳቸው።

ክምሩ ላይ ወጥቼ እጄን ቱቦው ውስጥ ሰደድኩ። ለብ ብሏል። የቀረውን ጠጉር አውጥቼ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው፤ ዳሩ ጠቁሯል እንጂ ፍም የለውም። ጨበጥ ለቀቅ አደረጉት። "በርዷል" አሉ ወደ ጋሽ ሽፈራው ዞረው። "ዋስትናህ ወርዶልሃል።"

ጋሽ ሽፈራው መሬት ላይ ዝርግት ብለው "ተመስገን፣ ተመስገን" አሉ። እኔ እዚያው ክምሩ ላይ ሆኜ አለቀስኩ። እንደዚያ ቅልል ያለኝ ቀን ትዝ አይለኝም። ሱፐርቫይዘሩ ማስታወሻቸው ላይ "አጥጋቢ" ብለው ጽፈው ሄዱ።

አቶ ገብረ ጻድቅ ግን አልለቀቁኝም። "ሁለት ሳምንት ብትቆዪ ወቅቼ አስገባ ነበር። ማን ከለከለሽ?"

ማንም አልከለከለኝም፤ ጽሕፈት ቤቱን ቀኑን ግፉልኝ ብዬ የጠየቅሁበት ደብዳቤ የለም። እሳቸውንም መቼ ይሻልዎታል አላልኳቸውም።

የተረፈውን ሞተር በጥር ተኮስነው፤ ክንፎቹን ጠግኜ፣ ገብሱ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ አቶ ገብረ ጻድቅ በቆረጡልን ቀን ረፋዱ ላይ። ሮኬቱ ባዶው አውድማ ላይ ወረደ።

በዚህ ሙያ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። ለአዲስ ቴክኒሻኖች ብዙ የምነግራቸው የለኝም። ሙከራው ቢበላሽ የሚጎዳውን ሰው አስቀድማችሁ ለዩት፤ ቀኑን እሱ ይቁረጥ።