ጀንበር ሳትጠልቅ የሚገባ ሰው

መጀመሪያ ያየሁት ምልክት የልጄ የናኦል አወዳደቅ ነው። ስድስት ዓመቱ ነበር። አመሻሽ ላይ ጊንጪ ካለው ቤታችን ፊት ለፊት ወዳለው ሱቅ ክብሪት እንዲያመጣ ላክሁት። ቀን ቀን እየሮጠ የሚዘለው ቦይ ውስጥ ዘው ብሎ ገባ። አላለቀሰም። “መብራቱን ማን አጠፋው?” አለኝ። ሰማዩ ግን ገና አልጨለመም፤ እኔ ማዶ የቆመውን ሰው መልክ እለይ ነበር።

ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ “ዳፍንት ነው፤ ጉበት አብሉት” አሉኝ። በጨለማ ማየት ለተሳነው ጉበት መድኃኒት መሆኑን እኛ ዘንድ የማያውቅ የለም፤ ምግብ ለጎደለው ልጅ እውነትም ይሠራል። ስለዚህ የሉካንዳው ደንበኛ ሆንኩ። አስተማሪ ነኝ፤ ልጅ ማባበል ሥራዬ ነው፤ በጉበት ጉዳይ ግን ናኦል አሸነፈኝ። የዋጠውም ቢሆን አልረዳውም። ይባስ ብሎ በጠራራ ፀሐይ ከጎኑ ካለ ነገር ጋር ይጋጭ ጀመር።

አምቦ ያየው ሐኪም ቫይታሚን ኤ ሰጠው። ለውጥ ሲያጣ አዲስ አበባ ወደሚገኝ የሬቲና ስፔሻሊስት ላከን። እናቴም አብራን ሄደች።

ዶክተሯ ዓይኑ ውስጥ ጠብታ ጨምራ ረጅም ጊዜ መረመረችው።

“ሬቲናይትስ ፒግመንቶሳ ይባላል። በዘር የሚተላለፍ ነው። እይታው ከዳር ወደ መሃል እየጠበበ ይሄዳል።”

መድኃኒቱን ጠየቅኋት።

“አለኝ ብልሽ እዋሻለሁ” አለች።

ናኦል ወንበሩ ላይ እግሩን ያወዛውዛል።

ቀጥላ ከቤተሰብ ዓይኑ የጠፋ ሰው እንዳለ ጠየቀች። እናቴ ፊቷ ተለዋወጠ። “የእኛ ዘር ንጹሕ ነው” አለች። ዘር ሲጠየቅ ትዳር ነው የሚታሰባት፤ ያላገባች ታናሽ እህት አለችኝ። ዶክተሯ አልተከራከረችም። ጥያቄውን ለወጥ አደረገችው።

“እሺ እማማ፣ ሲመሻሽ ከቤት መውጣት የማይወድስ ነበር?”

“እሱማ አባቷ ነበሩ” አለች እናቴ ኮራ ብላ። “ጀንበር ሳትጠልቅ ቤታቸው ናቸው። ጨዋ ሰው ነበሩ።”

ዶክተሯ መጻፏን አቆመች። እናቴም የተናገረችው ገብቷት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

አባቴ እህል ነጋዴ ነበር። ገበያው ሳይበተን ጆንያውን ጠቅልሎ ይሄዳል። ለቅሶ የሚደርሰው ጠዋት ነው። መጠጥ ቤት ደጃፍ ቆሞ አያውቅም። ሚስቶች ሁሉ ለባሎቻቸው ምሳሌ ያደርጉት ነበር። እናቴ ባሌንም የመዘነችው በዚሁ ሚዛን ነው፤ ምስኪኑ ባሌ ደግሞ በአምቦ መስመር ሾፌር ነውና በየምሽቱ ይወድቃል። አባቴ ገና በጎልማሳነቱ ዓይኑ ሲደክም ሞራ ነው አልን። እናሳክምህ ስንለው እምቢ አለ፤ ሳያይ ሞተ። በጨለማ እንደማያይ ያውቅ ነበር? ያን ሁሉ ምስጋና ተሸክሞ ለማን ይንገር? ይሄ ከናኦል ሕመም እኩል ያስለቅሰኛል።

ዶክተሯ በዘር የሚተላለፉ የዓይን ሕመሞችን ከሚያጠኑ ባለሙያዎች ጋር ትሠራ ነበርና ደም እንድንሰጥ ጠየቀችን፤ ጥናቱ ለናኦል ላይደርስለት እንደሚችልም አልደበቀችንም። ውጤቱ ሲመጣ የተበላሸው ጂን እኔም ጋ ተገኘ፤ ከአባቴ ወርሼ፣ ራሴ ሳልታመም፣ ለልጄ አቀብዬዋለሁ። “ጥፋት የለብሽም” አለችኝ ዶክተሯ። ጆሮዬ ሰምቷል፤ ልቤ ግን ገና ነው።

ናኦል አልዳነም። አሁን ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ይማራል፣ ሲመሽ የጓደኛውን ክንድ ይይዛል፣ ዓይኑ ሳለለት ብሬል እየለመደ ነው። እህቴ ከመታጨቷ በፊት ለአሁኑ እጮኛዋ ስለ ዘራችን ሕመም ሁሉንም ነገረችው፤ አልሸሸም። እናቴም ዛሬ ዘመድ በተሰበሰበበት “ባሌ ጨዋም ነበሩ፣ አያዩምም ነበር” ትላለች። እንዲህ ለማለት የከፈለችውን የማውቀው እኔ ነኝ።

የሌላትን መድኃኒት ያልሸጠችልንን ዶክተር አመሰግናለሁ። ልጃችሁ ሲመሻሽ የሚደናቀፍ ከሆነ ጉበቱን አብሉት፤ ነገር ግን ሐኪም ሳታሳዩት ዓመት አታሳልፉ። ሽማግሌዎቻችሁን ስትጠይቁ ስለ በሽታ ብቻ አትጠይቁ፤ ስለ ልማዳቸውም ጠይቁ፤ ማን ምሽት ይፈራ ነበር በሉ።

ሌላው ምክር የእኔ አይደለም። ባለፈው ሰሞን ምሳ ስንበላ እንደ ልማዴ ከጎኑ ተቀምጬ ስጎርስ ናኦል እጄን ፈልጎ ያዘኝ።

“እማ፣ ፊት ለፊቴ ተቀመጪ” አለኝ። “ጎኔ ስትሆኚ የለሽም።”

ተነሥቼ ዞርኩና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ትክ ብሎ አየኝና መብላቱን ቀጠለ።