የሚያፈሰው ታንክ

ሰውየው በየማለዳው ከኤሌክትሮኒክ ሲጋራ መሸጫው ሱቅ መስኮት ሥር ቆሞ የሲጋራውን ታንክ፣ ማለትም የፈሳሽ መያዣውን፣ ይፈታል። መሃል ያለውን ቱቦ በሶፍት ጠቅልሎ እፍ ይልበትና የተጠራቀመውን ፈሳሽ ያስወጣል። ሲጋራውን ሲስብ ግን የሱቁ ሻጭ ሎሬታ አይታው አታውቅም። ካፖርቱም ሳሙና ሳሙና ይሸታል እንጂ የጭስ ጠረን የለውም። ለልጅ የሚገዛ ከሆነ የሱቁ ፈቃድ ይነጠቃል፤ እሷም ትባረራለች።

«ዛሬም አፈሰሰ፣ እመቤት» አላት ገብቶ ወደ ባንኮኒው ቀርቦ።

«ፈሳሹ ወደ ጥጡ የሚገባበትን ቀዳዳ በመርፌ አስፍተውት ነዋ፣ ጌታው!»

«ካልሰፋ ጥጡ ደርቆ ያራል ያልሽኝ አንቺው ነሽ።»

«ትንሽ ያስፉት አልኩ እንጂ በር ያውጡለት አልኩ? ለመሆኑ የሚያጨሱት እርስዎ ነዎት?»

ሰውየው ታንኩን ባንኮኒው ላይ በጎኑ አጋደመው።

«ሰው ተኝቶ ሲስበውስ ያፈሳል?»

«ያፈሳል። የተኛው ማነው? ልጅ ነው?»

«ሰማንያ ዓመት ያለፋት ልጅ ናት» አለና ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። እናቴ ናት አላለም፤ ሚስቴ ናትም አላለም።

ሎሬታ የላላውን የላስቲክ ቀለበት ቀየረችለት። ሊገዛ የፈለገውን የፈሳሽ ጠርሙስ ግን ወደ መደርደሪያው መለሰችው። ነገ ዕድሜዋን የሚያሳየውን የሴትየዋን መታወቂያ ካላመጣ አትሸጥለትም።